በ2047 የሚከፈት ሳጥን

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ከዛሬ ጀምሮ ማስታወሻ እይዛለሁ። ካልያዝኩ አባየና ወንድሜ ነገ ታሪኩን በየፊናቸው ነው የሚያወሩት።

ነገሩ የተነሳው ቡና ላይ ነው። ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል የተከራየ ሱዳናዊ ሐኪም አለ። ጦርነቱን ሸሽቶ በመተማ በኩል ነው የመጣው። በረካው ላይ ስለ ተማረበት ትምህርት ቤት አጫወተን። ካርቱም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1924 በኪችነር ስም የተከፈተ የሕክምና ትምህርት ቤት ነበር። ዛሬ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ነው። መቶ ዓመቱን የደፈነው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው፤ ጦርነቱ በተነሳ በዓመቱ። «እኛ መቶኛውን ዓመት በስልክ ነው ያከበርነው» አለ። አንዱ ጓደኛው ካይሮ፣ ሌላው ጅዳ፣ እሱ ጎንደር ሆነው ፎቶ ተላላኩ። አያቱም እዚያው ነበር የተማሩት። የአያቱ የምርቃት ፎቶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። የራሱ ዲፕሎማም መሳቢያ ውስጥ።

አባየ ሲኒውን ይዞ ዝም አለ። ቆይቶ «የኛስ መቼ ነው መቶ የሚሞላው?» አለ። መልሱን ከኔ በላይ ያውቀዋል። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል የተከፈተው በ1947 ዓ.ም. ነው። መቶው በ2047 ይሞላል። አባየ ከዚያ ኮሌጅ በሳኒተሪያንነት፣ ማለትም በአካባቢ ንጽሕና ባለሙያነት፣ የተመረቀ ነው፤ አሁን 81 ዓመቱ ነው።

«110 ይሆነኛል» አለ ደምሮ። «ድግስ ላይ መቀመጥ ይደክመኛል።»

ማታ ላይ ተስማማን። ሳጥን እንሠራለን። ለመቶኛው ዓመት የሚከፈት፣ ውስጡ እሱ የሚያውቀው ነገር ያለበት። ማንም አላዘዘንም። በጀቱ የኔ ደመወዝ ነው።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ገና እንጨት ሳንገዛ ጠብ።

ወንድሜ ሐኪም ነው፤ እዚሁ ጎንደር ተምሮ እዚሁ የሚሠራ። ምሳ ላይ ስነግረው ሳቀ። ከዚያ «የሕክምና ትምህርት ቤቱ መቶኛ ዓመት እኮ በ2047 አይደለም» አለ። ክርክሩ ይህ ነው። ዶክተር ማስተማር የተጀመረው በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ከምሥራቅ ጀርመኑ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው፤ ላይፕዚግ ካለው። ስለዚህ መቶው የሚሞላው በ2070ዎቹ ነው። «በ1947 የተከፈተውማ የጤና ኮሌጅ ነው።»

አባየ የጠቀለለውን ጉርሻ ወደ ትሪው መለሰ።

«እኛ ታዲያ ምን ነበርን? ዘበኛ?»

ወንድሜ ሊያስተካክል ሞከረ፤ ባሰበት። «በ2047 ድግስ ሲደገስ» አለ አባየ «ጉድጓድ ያስቆፈረ ሰው ይጠራል ወይስ አይጠራም? እሱን ንገረኝ።»

በወረቀት ሁለቱም ልክ ናቸው ብዬ ነው የማስበው። ኮሌጁ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ገባ። ኋላ የሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ሆነ። በ1996 ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ስሙ ስንቴ እንደተቀየረ አስቡት። ግን ዩኒቨርሲቲው ራሱ ልደቱን የሚቆጥረው ከ1947 ነው። ይህን ስል አባየ ጉርሻውን መልሶ አነሳ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

እንጨት። ሦስት ምርጫ ነበረን። ጥድ ሽታው ነፍሳት ያባርራል፤ ግን ሙጫው ይወጣና ወረቀት ያበላሻል ብለን ፈራን። ወይራ ዘላለማዊ ነው፤ መላጊያውን ግን ይበላዋል። ዋንዛ ለስላሳ ነው፤ ምስጥም እምብዛም አይደፍረውም። የብራና መጻሕፍት ገበታም፣ የከበሮ ግንድም ከዋንዛ ነው የሚሠራው። ዋንዛ ሆነ።

ሳጥኑ 60 በ40፣ ቁመቱ 30 ሳንቲሜትር። የሳንቃው ውፍረት 2 ሳንቲሜትር ተኩል። ሻጩ «ዓመት የደረቀ ነው» ብሎ ማለ። ጎረቤታችን ጋሸ አናጢ ናቸው፤ ሳንቃውን አንስተው ጉንጫቸው ላይ አስደገፉት። እርጥብ እንጨት ጉንጭ ላይ ይቀዘቅዛል። «ትንሽ ይበርዳል» አሉ። እኔ ቸኩዬ ነበር። ገዛሁት።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

30 ዓመት ምን ይቆያል? ይህችን ጥያቄ ቀላል መስላኝ ነበር።

ልጄ 9 ዓመቷ ነው። «ፍላሽ ላይ እናድርገው» አለች። ፍላሽ ሳይነካ ቢቀመጥም ከዓመታት በኋላ የያዘውን ሊረሳ ይችላል። ባይረሳ እንኳ በ2047 የሚሰካበት ቀዳዳ ይኖር ይሆን? እኔ ራሴ የሠርጌ ሲዲ አለኝ፤ ማጫወቻ የለኝም። እስክርቢቶ ይደበዝዛል። የቀለም ማተሚያ ፎቶም ብርሃንና እርጥበት አይወድም። እርሳስ ግን አይደበዝዝም፤ ከሰል ነው በሉት። የልጄ ደብዳቤ በእርሳስ ይጻፋል ተባለ።

የአባየ ቃል ግን ብራና ላይ እንዲሆን ተመኘሁ። እዚህ ከተማ በነገሥታቱ ዘመን የተጻፉ መጻሕፍት 300 ዓመት አልፏቸው ዛሬም ይነበባሉ። ከደብረ ብርሃን ሥላሴ አካባቢ አንድ ብራና ፍቀው የሚጽፉ መሪጌታ እናውቃለን። ሄድኩ። ሰሙኝ። «ለጤና ትምህርት ቤት?» አሉ። «ቆዳውን ራሳችሁ ፍቃችሁ አምጡልኝ፤ እኔ ጉልበት የለኝም። እጽፋለሁ።»

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ፍየል ታረደ። ሥጋው ተበላ፤ የዛሬው ሥራ ከቆዳው ነው።

ቆዳው ሦስት ቀን ውኃ ውስጥ ይነከራል። ከዚያ ዳር ዳሩ ይበሳና በገመድ ከአራት ማዕዘን እንጨት ላይ ይወጠራል። ሲወጠር ከበሮ መምሰል አለበት። በሥጋው በኩል ያለው ሥብና ሥጋ ይፋቃል። በሻካራ ድንጋይ እየታሸ ይታጠባል። ሲደርቅ ተገልብጦ ጸጉሩ ይነሳል። መሪጌታ ያሉት ይህን ነው። ያላሉት ሽታውን ነው።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

ወጠርነው። ገፋፊው ቢላውን አንድ ቦታ ነካ አድርጎት ኖሯል፤ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ጭረት። አላየናትም። ገመዱን ስናጠብቅ አፏን ከፈተች፤ እንቁላል አከለች። ቀኑን ሙሉ አፍጥጣ አየችን። መሪጌታ ጋ በስልክ ፎቶ ላክሁ። ሳቁ። በእርጥብነቱ በጅማት መስፋት ይቻል ነበር፤ አሁን መሸ። ለመጀመሪያ ሙከራ ይሁን፣ መፋቅ ተለማመዱበት አሉ። ተለማመድንበት። ወንድሜ ስለት አያያዙ ያምራል፤ ሦስተኛ ቦታ ላይ እሱም በሳው።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ክዳኑ ተጣመመ። እንደ ኮርቻ። የዓመት ደረቅ የተባለው ሳንቃ በ18 ቀን ውስጥ መካከሉ ጎድጉዶ ዳሩ ተነሳ። ጋሸ «በርዶኝ ነበር» እንኳ አላሉም። ይህ ነው የጨዋ ጎረቤት ጥቅሙ።

መድኃኒቱን አሳዩኝ። ሳንቃውን በቁመቱ ሦስት ቦታ ቀደድነው። መካከለኛዋን ገለበጥናት። ከዚያ መልሰን በኮላ አጣብቀን በሞርሳ ወጥረን አሳደርነው። አሁን አንዷ ወደ ላይ ልትጣመም ስትል ጎረቤቷ ወደ ታች ትስባታለች። ከዚያም በኋላ ለሁለት ሳምንት ጥላ ውስጥ፣ አየር በሚያገኘው ቦታ ይቀመጣል። አልቸኩልም። ተምሬአለሁ።

ኅዳር 7፣ እሑድ

ጾሙ ሳይገባ ሁለተኛ ፍየል። ገፋፊው አጠገብ ቆሜ «ቀስ፣ ቀስ» ስል ዋልኩ። ጠላኝ። ቆዳው ግን ንጹሕ ነው።

የሳጥኑ ማዕዘኖች ተሠሩ። ጋሸ በመሮ ጥርስ እያወጡላቸው እርስ በርስ ነክሰው እንዲያዙ አደረጓቸው። ሚስማር የለም፤ ሚስማር ይዝጋል። ማጠፊያው ብቻ ነሐስ ነው። እኔ የተፈቀደልኝ በስኳድራ መለካትና በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ነው።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ብራናው ደረቀ። ጥፍር ሲነካው ይጮኻል። ከመስኮቱ ብርሃን ላይ ስይዘው ደም ሥሩ ይታያል። ከአንድ ፍየል ሁለት ትልልቅ ገጽ ወጣ፤ ሌላው ቁርጥራጭ።

ዛሬ አባየ መናገር ጀመረ። እኔ ደብተር ላይ እየጻፍኩ ነው።

እሱ የደምቢያ ልጅ ነው። በ1945 ደምቢያ ላይ ወባው ሲገባ 8 ዓመቱ ነበር። እዚያ «ንዳድ» ነው የሚሉት። ሺዎች አለቁ። ከቤታቸው ሁለት ሞቱ። አባየ የሚያስታውሰው ግን ለቅሶውን አይደለም፤ ለቅሶ የሚያለቅስ ጤነኛ ሰው አልነበረም። የሚያስታውሰው ጤፉን ነው። አጫጅ ጠፍቶ ማሳው ላይ ረገፈ። ወፎቹ ወፈሩ።

ከዚያ እልቂት በኋላ ነው መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ እርዳታ ጋር ሆኖ ኮሌጁን ጎንደር ላይ የከፈተው። ወደ ገጠር የሚወርድ የሠለጠነ የጤና ሰው አልነበረም። ሦስት ዓይነት ሰው አሠለጠኑ፤ ጤና መኮንን፣ ኮሚዩኒቲ ነርስና ሳኒተሪያን። ለየብቻ ሳይሆን አብረው እንዲወጡ። ኮሌጁ ሥራ ከጀመረ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ፣ በ1950 ክረምትና በ1951 መግቢያ፣ ወባ እንደገና አገር ሙሉ አዳረሰ። ያኔ 3 ሚሊዮን ሰው እንደታመመ፣ 150 ሺህ ያህል እንደሞተ ነው የተገመተው። አባየ ያኔ 13 ዓመቱ ነበር። «እኔ ትምህርት ቤቱን አልመረጥኩትም» አለ። «ቤታችን ድረስ መጥቶ የወሰደኝ ንዳድ ነው።»

ኅዳር 14፣ እሑድ

ቀጠለ። ዛሬ የሥራውን ነገር ነበር የሚነግረኝ። እጁ ይናገራል።

አንድ መንደር ሲደርሱ ጤና መኮንኑ ሕፃናቱን አስተኝቶ ሆዳቸውን ይዳብሳል፤ ጣፊያቸው ካበጠ ወባው ከርሟል ማለት ነው። ነርሷ እናቶቹ ጋ ትገባለች። አባየ ውኃውን ያያል። ምንጩ ከየት ይነሳል? ከብት የሚጠጣው ከላይ ነው ከታች? ሽንት ቤት ካለ ከጉድጓድ ውኃው 30 ሜትር ይርቃል? ማታ ሦስቱ በአንድ ፋኖስ ዙሪያ ቁጥራቸውን ያነጻጽራሉ። ጣፊያ የበዛበት ሰፈር የትኛው ውኃ አጠገብ ነው? መልሱ የሚገኘው ከሦስቱ ደብተር ነው። ከአንዱ ብቻ አይገኝም።

ከዚያ የዲዲቲ ርጭት። መጠኑን ዛሬም በቃሉ ያውቀዋል፤ በካሬ ሜትር 2 ግራም። ግድግዳው ተለክቶ፣ ቤቱ ተቆጥሮ ነው የሚረጨው። «አንድ ቤት ከዘለልክ ለትንኟ ማደሪያ ትተህላት ሄድህ» አለ። ከአልጋው ሥር የሃድሰን ፓምፕ አፍንጫ አወጣ፤ በጨርቅ የተጠቀለለ። ይህን ሁሉ ዓመት እዚያ እንዳለ እኔ አላውቅም።

ወንድሜ በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። «እኛም ቆላ ድባ ወጥተናል» አለ። ደምቢያ ውስጥ ያለችው ከተማ ናት፤ ተማሪ ሳለ ለቲም ትሬኒንግ፣ ለቡድን የመስክ ልምምድ። እሱ፣ የነርስ ተማሪዎች፣ የአካባቢ ጤና ተማሪዎች፣ አንድ ጤና ጣቢያ፣ አንድ ቤት፣ ተራ በተራ ሽሮ እየሠሩ። የወባ ጣፊያ በእጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘው እዚያ ነው። ያሳየው ጤና መኮንን ነበር። አባየ ዞር ብሎ አየው። «አሳየኝ» አለው። ወንድሜ ልጄን ሶፋው ላይ አስተኝቶ ጣቶቹን ከግራ ጎኗ ሥር አኖረ። «በጣትህ ጫፍ ሳይሆን በጣትህ ጎን» አለ አባየ፤ ሳኒተሪያኑ። ልጄ በሳቅ ሞተች።

ስለ 2070ዎቹ ከዚያ ወዲህ አልተነሳም።

ኅዳር 25፣ ሐሙስ

ስድስት የደብተር ገጽ ይዤ መሪጌታ ጋ ሄድኩ። ቆጠሩና «አይገባም» አሉ። ሁለቱ ገጽ በፊትና በኋላ ተጽፎ፣ በሁለት ዓምድ፣ ግማሹን አይይዝም። ስለዚህ ቆረጣ። አንድ ሙሉ ማታ ፈጀን። እኔ ምርቃቱንና የንጉሡን ጉብኝት ይቅር አልኩ። አባየ ወዲያው እሺ አለ፤ ገረመኝ። ወንድሜ ግራሙ ይቅር፣ ዲዲቲ ዛሬ ቀርቷል አለ። አባየ እንቢ። «መጠን ያልተጻፈበት ወሬ ነው።» ግራሙ ቀረ፤ ማለቴ ገባ።

ከጎረቤት አንዲት እትየ አሉ፤ ጡረታ የወጡ ኮሚዩኒቲ ነርስ። «ነርሷ እናቶቹ ጋ ትገባለች» የሚለውን አንብቤላቸው አኮረፉ። «ገብታ ምን ታደርጋለች? ቡና ትጠጣለች?» ልክ ናቸው። ሁለት መስመር ጨመርን፤ እትብት መቁረጫውን መቀቀል፣ ሕፃኑን በሚዛን ማንጠልጠል። ለዚህ ሲባል ከአባየ አንድ ምንጭ ተቆረጠበት። የማዋለጃ መቀሳቸውን ለሳጥኑ እሰጣለሁ ብለዋል። ከዩኒሴፍ በመጣው የአሉሚኒየም ሣጥን ውስጥ የነበረ ነው።

ታኅሣሥ 2፣ ሐሙስ

መሪጌታ መጻፍ ጀምረዋል። በወስፌ መስመሩን አሰመሩ፤ ጭረቱ ከጀርባ ይታያል። ብዕሩ መቃ ነው፤ ቀለሙ ቀንድ ውስጥ። ጥቁሩ ከጥላሸት ነው፤ ወራት ተቦክቶ፣ ተወቅጦ የከረመ። እኔ ልሥራው ብል ኖሮ ሳጥኑ ለ2048 ይደርስ ነበር።

በቀይ ቀለም ላይ ትንሽ ተነጋገርን። እኔ የትምህርት ቤቱ ስም በቀይ እንዲሆን ፈልጌ ነበር። «ቀይ ለስመ እግዚአብሔር፣ ለእመቤታችን፣ ለቅዱሳን ነው» አሉ። «ለትምህርት ቤት አይሆንም።» ግን የጽሑፍ መግቢያም በቀይ ይጀመራል። ስለዚህ የመጀመሪያዋ መስመር ቀይ ሆነች፤ «በ1945 ዓመተ ምሕረት ደምቢያ ላይ ንዳድ ገባ።» የትምህርት ቤቱ ስም አራተኛው መስመር ላይ በጥቁር ይመጣል። ሳስበው ይሻላል።

«ሳኒተሪያን» የሚለውን እንዴት እንደሚጻፍ ሦስቴ ጠየቁኝ። በብራና ተጽፎ አያውቅም መሰለኝ።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

የት ይቀመጥ? አንድ መሥሪያ ቤት ጠይቄ ነበር። ማመልከቻ ጻፊ አሉኝ፤ ጻፍኩ። ቀጥሎ «የሳጥኑ ባለቤት ማን ነው?» የሚል ጥያቄ መጣ። እስካሁን መልስ አላገኘሁለትም። 29 ዓመት ስላለን አልተጨነቅሁም።

ሱዳናዊው ተከራያችን ሳጥኑን አገላብጦ አየ። ጥርሶቹን በጣቱ ነካ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ «ስንት ነው?»

«ምኑ?»

«ሳጥኑ። አንድ ነው?»

ማንም አልመለሰም። አባየ ብድግ ብሎ የመጀመሪያውን ቆዳ አመጣ፤ ያን ቀዳዳ የበዛበትን። በቀዳዳዎቹ መካከል አንድ ገጽ የሚሆን ንጹሕ ቦታ አለው። ሁለተኛው ቅጂ እዚያ ላይ ይጻፋል፤ ቆላ ድባ ለአባየ የእህት ልጅ ይላካል። ፍላሹም ከሱ ጋር ይሄዳል። ልጄ አሸነፈች።

ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ

ክዳኑ ቀጥ ብሏል። ዛሬ የመጀመሪያው ዙር ቫርኒሽ ተቀባ፤ ከውጭ ብቻ። ውስጡ እንዲሁ ይቀራል፤ የቫርኒሽ ሽታ ታፍኖ ለጽሑፉ አይበጅም።

እርጥበት የምትመጥ ከረጢት ወንድሜ ከመድኃኒት ብልቃጥ ሲሰበስብ ከርሟል፤ 40 ደርሳለች። ከመዝጋታችን በፊት ለስለስ ባለ ምጣድ ላይ አሙቀን እናደርቃቸዋለን።

እስካሁን የገባው ይህ ነው፤ ሁለቱ የብራና ገጽ በነጠላ ተጠቅልለው፣ የፓምፑ አፍንጫ፣ ወንድሜ በእርሳስ የጻፈው ግማሽ ገጽ (አላስነበበንም)፣ የልጄ ደብዳቤ (እሷም)። በ2047 ልጄ 38 ዓመቷ ይሆናል። ቁልፉ የሷ ነው ተብሏል። ዛሬ ሁለቴ ጠፍቶባት ተገኝቷል።

የአባየ የመስክ ደብተር ገብቶ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ሳይ የለም። ጠየቅሁት። አንድ መንደር ያሳሳተ መስሎት ሊያይ ነው ያወጣው። መነጽሩን አድርጎ በረንዳው ላይ እያገላበጠው ነው። እትየም መቀሱን ገና አላመጡም። ሁለተኛው ዙር ቫርኒሽ ነገ።